እጄ ቆርቆሮ ላይ አይንቀጠቀጥም፤ ማውስ ላይ ግን…

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ዕድሜዬ 47 ነው፤ የምኖረው ደሴ ነው። 22 ዓመት ታፔላ እየጻፍኩ ነው ልጆቼን ያሳደግኩት። ከፒያሳ እስከ ሸዋ በር እጄ ያላረፈበት የሱቅ ግንባር ጥቂት ነው። አሁን ሰው ሁሉ ባነርና ስቲከር ነው የሚለው፤ የብሩሽ ሥራ አንዳንድ ወር ጭራሽ አይመጣም።

ድሮ አብሮኝ የሠራ ልጅ አለ። በ13 ዓመቱ ነው የመጣልኝ፤ ቀለም ያቀብለኝ፣ መሰላል ይይዝልኝ ነበር። ስድስት ወር ሙሉ አሮጌ ቆርቆሮ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ብቻ አስምሬዋለሁ፤ ፊደል አላስነካሁትም። ዛሬ ኮምቦልቻ የራሱን ማስታወቂያ ቤት ከፍቷል። ስቲከር የሚቆርጥ ማሽን፣ ፕሎተር፣ አለው፤ ሁለት ሠራተኞች አሉት። ዓምና «ጋሼ፣ እርስዎ እያሉ ሌላ ዲዛይነር ልፈልግ?» ብሎ ወሰደኝ። በየቀኑ የሐረጎን ቁልቁለት እወርዳለሁ፣ ማታ ሐረጎን እወጣለሁ።

ችግሬ ኮምፒውተሩ ነው። ኮረል (CorelDRAW) በሚባለው የዲዛይን ፕሮግራም ላይ ጽሑፍ መተየብና ፎቶ ማስገባት ለምጃለሁ። መሳል ግን አልሆነልኝም። ማውሱን ይዤ ስስብ መስመሩ ይንቀጠቀጣል፤ ክብ ልሥራ ስል እንቁላል ይወጣል። ባለፈው ወር አንድ የምግብ ቤት ባለቤት ታፔላው ላይ ጦሳ ተራራ እንዲሳልለት ፈለገ። ጦሳን እኔ ዓይኔን ጨፍኜ በአንድ የብሩሽ ስበት እሥለዋለሁ። ኮምፒውተሩ ላይ ግን ከጠዋት እስከ ምሳ ታግዬ የወጣው ነገር መጋዝ ነው የሚመስለው። ልጁ ከኋላዬ ቆሞ አየና «ጋሼ ይተዉት፣ እኔ እጨርሰዋለሁ» አለኝ። በክፋት አልነበረም። ሁለቱ ሠራተኞች ግን ሰምተዋል፤ አቀረቀሩ። ያን ቀን በሚኒባስ ስመለስ መንገዱን ሙሉ እጄን ነበር የማየው።

ከዚያ ወዲህ ሥዕል ያለበት ሥራ ሲመጣ ሰበብ እፈጥራለሁ። ባለቤቴ ለጎረቤት «ኮምፒውተሩን እንደ ውሃ ጠጥቶታል» ትላለች፤ እኔም አላርማትም። ትቼው ወደ ብሩሼ ልመለስ? ወይስ ዕድሜዬ ለዚህ ነገር አልፏል?

ብሩሹ፣ ከደሴ

ውድ ብሩሹ፣

በእናንተው አገር ቃል አብሽሩ ብዬ ልጀምር። ደብዳቤዎን መጀመሪያ ሳነበው ስለ ማውስ መሰለኝ። ደግሜ ሳነበው ግን ዓይኔ ተይዞ የቀረው ሁለቱ ልጆች ያቀረቀሩበት ቦታ ላይ ነው። ቢስቁብዎ ይሻል ነበር አይደል? የሳቀብዎን ሰው ይቆጡታል። ያዘነልዎትን ሰው ምን ይሉታል?

ወደ ሥራው ከመግባቴ በፊት ሁለት ነገር ልጠይቅ፣ አይቀየሙኝ። ስኒ ሲይዙ፣ ሸሚዝ ሲቆልፉ እጅዎ ይንቀጠቀጣል? ብሩሽስ ሲይዙ? እንዲህ ከሆነ ይህን ጽሑፍ ወደ ጎን አድርገው መጀመሪያ ሐኪም ይዩ። ካልሆነ፣ ከደብዳቤዎም እንደገባኝ ካልሆነ፣ እጅዎ ጤነኛ ነው። ሁለተኛው ስለ ዓይን ነው። ስክሪኑ ላይ ያለውን ትንሽ ነገር ለማየት ራስዎን ወደ ኋላ ይስባሉ? በእርስዎ ዕድሜ የቅርብ ማየት መድከሙ የተለመደ ነው፤ የማንበቢያ መነጽር ሳያደርጉ ከማውስ ጋር የሚታገል ሰው ግማሹን ውጊያ በከንቱ ነው የሚዋጋው።

አሁን ወደ መንቀጥቀጡ። ቆርቆሮ ላይ ሲጽፉ ክንድዎ ከትከሻ ነው የሚንቀሳቀሰው፤ እጅዎን የሚያሳርፉበት ዘንግም ይኖርዎታል። ዓይንዎ ያለው ብሩሹ ጫፍ ላይ ነው። ጸጉሩ ረጅም የሆነው ብሩሽ ደግሞ ቀለም ጠጥቶ ከኋላ ስለሚጎተት ትንሿን መንቀጥቀጥ ራሱ ይውጣታል። ማውስ ላይ ይህ ሁሉ የለም። እጅዎ ጠረጴዛ ላይ፣ ዓይንዎ ግድግዳ የሚያህል ስክሪን ላይ ነው። ማውሱ ጥቂት ጣት ያህል ሲሄድ ቀስቷ ስክሪኑን ከዳር እስከ ዳር ታቋርጣለች፤ ስለዚህ የእጅዎ ቅንጣት መንቀጥቀጥ ተባዝታ ነው የምትታየው። ማውሱን የትኛውም ጎበዝ ሠዓሊ ቢይዘው ያው ነው። እኔ ራሴ «ስልኩ ላይ በጣትሽ ፈርሚ» ስባል የወጣውን ፊርማ የኔ ነው ብዬ ለመማል እቸገራለሁ።

ታዲያ እነዚያ ወጣቶች ጥርት ያለ መስመር ከየት ያመጡታል? አብዛኛውን ጊዜ በማውስ አይሥሉትም። ይህን ነገር ማንም ቁጭ ብሎ ያልነገረዎት ይመስለኛል። ነጻ እጅ መስመር የሚስበው መሣሪያ፣ ኮረል ላይ ኤፍ 5 ሲጫኑ የሚመጣው፣ እጅዎ የሄደበትን ሁሉ ይመዘግባል፤ መንቀጥቀጡንም ጭምር፤ በየመንቀጥቀጡ ላይ ደግሞ ነጥብ ይተክላል። የጦሳን መስመር መርጠው ኤፍ 10 ቢጫኑ ነጥቦቹን ያዩዋቸዋል፤ እንደ ጤፍ ተበትነው። መጋዝ ያደረገው ያ ነው። ፕሎተሩ ቢቆርጠውም ምላጩ እያንዳንዷን ጥርስ ተከትሎ ነው የሚሄደው።

አንድ ነገር ልበልዎት፣ ደብዳቤዎ ውስጥ ያለ ነገር ነው። ያን ልጅ ስድስት ወር ቆርቆሮ ላይ ቀጥ ያለ መስመር አስምረውታል። ፊደል አላስነኩትም። ራስዎን ግን ኮምፒውተሩ ላይ ስንት ቀን መስመር አስምረውታል? እኔ እንደማየው በቀጥታ ጦሳን ነው የሰጡት፤ ያውም ደንበኛ እየጠበቀ፣ ያውም ሰው ከኋላ ቆሞ። ለ13 ዓመት ልጅ ያልፈረዱበትን በራስዎ ላይ ፈርደዋል።

ስለዚህ ቆርቆሮውን ልስጥዎት። ጠዋት ልጁ ሱቁን እንደከፈተ፣ ሥራ ከመጀመሩ ግማሽ ሰዓት ቀድመው ይድረሱ፤ ያ ካልተመቸ ሥራ ሲቀዘቅዝ ይሞክሩት። ባዶ ገጽ ይክፈቱ። መጀመሪያ የማውሱን ፍጥነት ከኮምፒውተሩ ሴቲንግ ዝቅ ያድርጉት። ስዕሉንም አጉልተው ይሥሩ፤ አጉልተው የሠሩት ሲቀንስ መንቀጥቀጡም አብሮ ይቀንሳል። ቀጥ ያለ መስመር ለማግኘት አይሳቡ። በዚያው በኤፍ 5 መሣሪያ አንድ ቦታ ጠቅ፣ ሌላ ቦታ ጠቅ፤ አለቀ። ኮንትሮልን (ኪቦርዱ ላይ Ctrl የሚለውን) ተጭነው ካደረጉት መስመሩ በ15 ዲግሪ፣ በ15 ዲግሪ እየዘለለ ስለሚሄድ አግድሙም ቁሙም ያለ ውሃ ልክ ይስተካከላል።

ክቡ እንቁላል ስለሆነበት ነገር ደግሞ ጥርጣሬ አለኝ። ኤፍ 7 ተጭነው፣ ኮንትሮልን ይዘው ከጥግ ወደ ጥግ ሲስቡ ክብ ነው የሚወጣው። ግን መጀመሪያ የሚለቀቀው የማውሱ ቁልፍ ነው፣ ኮንትሮል ቀጥሎ። ኮንትሮልን ቀድመው ከለቀቁ ክቡ ዓይንዎ እያየ መልሶ እንቁላል ይሆናል። ብዙ ሰው በዚህች ኢምንት ነገር ወር ይታገላል። ሺፍትን አብረው ቢጫኑ ደግሞ ክቡ ከመሃሉ እየሰፋ ይሄዳል፤ ሚስማር መትተው በሲባጎ ቆርቆሮ ላይ ክብ ያዞሩ እንደነበረው ማለት ነው። ኤፍ 6 ለአራት ማዕዘን ነው፤ ኮንትሮል እዚያም እንደዚሁ ይሠራል፣ እኩል ጎን ያወጣልዎታል።

አሁን የምነግርዎትን ዛሬውኑ ቢሞክሩት ደስ ይለኛል፤ ለእርስዎ ብዬ ነው ያሰብኩት። «ዐ»ን ይሥሩ። ትልቅ ክብ ያውጡ። ውስጡ ሌላ ይጨምሩ፤ ይኸኛው ግን ሆን ተብሎ እንቁላል ይሁን፤ ቁመቱ ከትልቁ ጥቂት ብቻ ያነሰ፣ ጎኑ ግን ጠበብ ያለ። ሁለቱን አንድ ላይ ይምረጡና ከኪቦርዱ ላይ የሲን (C)፣ ቀጥሎ የኢን (E) ፊደል ይጫኑ፤ መሃል ለመሃል ይገጥማሉ። ከዚያ የውስጡን ብቻ ይዘው ትንሽ ያዘንብሉት። ሁለቱን እንደገና ይምረጡና ኮንትሮልና ኤል። ውስጡ ይቦረቦራል፤ ቀለም ሲሞሉት ጎንና ጎኑ ወፍራም፣ ላይና ታቹ ቀጭን የሆነ፣ ዘንበል ያለ ብሩሽ ያወጣው የሚመስል «ዐ» ፊትዎ ይቆማል። ያ ውፍረት ምን ያህል ቢሆን ከመንገድ ማዶ እንደሚነበብ የሚያውቁት ደግሞ እርስዎ ነዎት፤ ኮምፒውተሩ አያውቅም። ያቺን ዐ ካወጡ ሌላው የእሷ ዘመድ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ቢያጋጥሙ «መ» መጣ። በመሃሏ ዘንግ ቢያሳልፉ «ቀ»። የ«ሴ» እግር ላይ ያለችው ቀለበትም ትንሽ ክብ ናት። ፊደላችን በክብና በዘንግ የተሠራ መሆኑን ለታፔላ ጸሐፊ መንገር ለቀማሚ ስለ በርበሬ እንደማውራት ነውና እዚህ ላይ ላቁም።

ከዚያ ወደ ዕቃ ይሂዱ። ጀበና ለምሳሌ። ሆዱ ክብ፣ አንገቱ ቁመታም አራት ማዕዘን፣ እጀታው በትልቅ ክብ ውስጥ ትንሽ ክብ፤ እሱን መጀመሪያ እንደ «ዐ» በኮንትሮልና በኤል ይቦርቡሩት። ይደራርቡና አንድ ላይ ይበይዷቸው፤ ዌልድ የሚለው ነው። ከምግብ ቤትና ከቡና ቤት ታፔላ ስንቱ በዚህ እንደሚያልቅ ሲያዩ ይገርምዎታል።

ጦሳስ? ጦሳን በማውስ አይሣሉት። ወረቀት ያውጡና በብሩሽዎ፣ እንደለመዱት በአንድ ስበት ይሣሉት። በስልክ ፎቶ ያንሱት፣ ኮረል ውስጥ ያስገቡት፣ እንዳይንቀሳቀስ ይቆልፉት። ከዚያ ቤዚየር የሚባለውን መሣሪያ ይዘው በላዩ ይሂዱ፤ ግን መስመር እየጎተቱ አይደለም፣ ነጥብ እየተከሉ። ጫፉ ላይ አንድ ጠቅ። ትከሻው ላይ አንድ። ወደ ከተማው በሚወርደው ተዳፋት ወገቡ ላይ ጠቅ ካደረጉ በኋላ ሳይለቁ ትንሽ ይሳቡ፤ መስመሩ ራሱ ይጎብጣል። ከአሥራ ሁለት ነጥብ በላይ ከተጠቀሙ በዝቷል፤ ያጥፉና እንደገና ይጀምሩ። ነጥብ ባነሰ ቁጥር መስመር ይለሰልሳል፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። መሣሪያው ስሙን ያገኘው ከፒየር ቤዚየ ነው፤ በ1960ዎቹ የሬኖ መኪና ፋብሪካ መሐንዲስ ነበር። የእሱም ጭንቀት የእርስዎ ነበር፤ የመኪና አካል ላይ ያለን ለስላሳ ጉብታ ማሽን በማይስተው መንገድ ማስቀመጥ። መፍትሔው የማይንቀጠቀጥ እጅ ፍለጋ አልነበረም። ጥቂት ነጥብ መርጦ መካከሉን ለሒሳቡ መተው ነበር።

ያኛው መጋዝ ጦሳ እስካሁን ካልጠፋም አይጣሉት። በኤፍ 10 ነጥቦቹን በሙሉ መርጠው ነጥብ መቀነሻውን ይጫኑ፤ ምን ያህል እንደሚለሳለስ ይዩት። ነጻ እጅ መስመር ጭራሽ አይሠራም ማለቴ አይደለም። ጭስ፣ የዛፍ ቅርንጫፍ፣ የሚውለበለብ ነገር ላይ ያምራል። ኤፍ 5 ላይ እያሉ ከላይ ከሚመጡት ማስተካከያዎች አንዱ የማለስለሻው ቁጥር ነው፤ እስከ 100 ይሄዳል፤ አንድ ሰው ዝቅ አድርጎት እንደሆነ ይዩት። እየሳሉ ከተሳሳቱ ደግሞ የማውሱን ቁልፍ ሳይለቁ ሺፍት ተጭነው በመጡበት ቢመለሱ መስመሩ ይጠፋል።

በብዕር የሚሣልበት ሰሌዳ ልግዛ ወይ ብለው ያስቡ ይሆናል። ለእንደ እርስዎ ያለ እጅ ይስማማል። ግን አሁን አይግዙ፤ ቢያገኙ ተውሰው ይሞክሩት። ነጥብ መቁጠር ካልለመዱ በብዕርም መጋዝ ይወጣል፤ ያኔ ደግሞ ገንዘቡም ያናድዳል።

ወደ ልጁ ልመለስ፤ እውነቱን ልንገርዎት፣ ከማውሱ ይልቅ የሚከብደው ይህ ነው። «ይተዉት» ያለዎት ቀን ድምፁ እንዴት ነበር? በክፋት አልነበረም ብለውኛል፤ አምኜዎታለሁ። እንዲያውም የደነገጠው እሱ ይመስለኛል። ቀጥ ያለ መስመር ያስተማረው ሰው መስመር ሲያቅተው ቆሞ ማየት ለእሱም ቀላል አይደለም፤ ቶሎ ብሎ ሊሸፍንልዎ የፈለገ ይመስለኛል። አሸፋፈኑ ግን ሰው ፊት ሆነ። ሌላም ነገር ልብ ይበሉ፤ የቀጠረዎት ማውስ ስለሚችሉ አልነበረም። ማውስ የሚችል ኮምቦልቻ ውስጥ አይጠፋም። የፈለገው ያንን ከሩቅ የሚነበበውን፣ ፊደል ከፊደል ምን ያህል እንደሚራራቅ በዓይኑ የሚለካውን ሰው ነው። ይህን ሥራ በሱቁ ውስጥ እየሠሩለት ነው? ወይስ ማውሱን ሲሸሹ ይህንንም አብረው ሸሹት? ባነር ሲታተም «ጽሑፉ ጠርዙን ነክቷል» የሚል ሰው ካልሆኑ፣ ልጁ ያጣው ያንን ነው።

ይንገሩት። ብቻውን ሆኖ፣ ሥራ በሌለበት ሰዓት። ለዚህ ከመብራት መጥፋት የተሻለ ጊዜ አላውቅም፤ ማሽኑ ዝም ይላል፣ ደንበኛ ይሄዳል፣ ሁሉም በር ላይ ወጥቶ ይቀመጣል፣ ቡና ይጠራል። ሠራተኞቹ ፈንጠር ሲሉ፣ ስለዚያ ቀን ወቀሳ ሳያነሱ፣ «መስመሩ ላይ ተቸግሬያለሁ። ያኔ እኔ ቆርቆሮ ሰጥቼህ ነበር፤ አሁን ደግሞ አንተ ስጠኝ» ቢሉትስ? ይህን ያህል ብቻ። ሰው ፊት እንዳያርምዎት ከፈለጉ እሱንም አብረው ይንገሩት፤ «ስሳሳት ለብቻዬ ንገረኝ» ማለት ክብር አይቀንስም። የሚፈሩት ምንድን ነው? እንዳይንቅዎት? ወይስ «ጋሼ» ማለቱን እንዳይተው? የእኔ ግምት ሌላ ነው፤ ግን ልጁን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት፣ እኔ አይደለሁም።

ልተወው ወይ ላሉት፣ አሁን አይተዉት። አሁን ቢተዉት በአንድ ጠዋት ምክንያት ነው የሚተዉት። ሦስት ወር ለራስዎ ይስጡ። በሦስት ወሩ ክቡም መስመሩም ወጥቶ ሥራውን ግን ካልወደዱት፣ ያ ሌላ ነገር ነው፤ ያኔ ከልጁ ጋር ተነጋግረው ልኬቱን፣ አቀማመጡን፣ ሕትመት ከመውጣቱ በፊት ማየቱን፣ ተከላውን ይያዙ፤ ስክሪኑን ለወጣቶቹ ይተዉላቸው። ወደ ብሩሽ መመለስ ግን፣ ራስዎ እንደጻፉት አንዳንድ ወር አንድም ሥራ ካልመጣ፣ ቤት አያኖርም። ብሩሹን ይጣሉት አላልኩም። እንዳዩት ጦሳን ለማውጣት ራሱ ያስፈልግዎታል።

ስለ ባለቤትዎ ብዙ አልልም። እንደ ውሃ ጠጥቶታል ማለቷን ለጊዜው ይተዉላት፤ ሚስት በባሏ መኩራቷ ወንጀል አይደለም። ያቺን ዐ ሲያወጡ ግን ሱቁ ውስጥ ያትሙና በወረቀት ይዘውላት ይምጡ፤ ስንት ቀን እንደፈጀብዎም ሳይደብቁ ይንገሯት።

በሚቀጥለው ደብዳቤዎ ጦሳ በስንት ነጥብ እንዳለቀ ይጻፉልኝ። እስከዚያው መጀመሪያ ማውሱን፣ ኋላ ኮንትሮልን።